ባሕር ዳርን ሳንታመም አየናት

ባሕር ዳር ከወረታ በስተደቡብ ምዕራብ ትገኛለች። በአስፋልቱ መንገድ ርቀቱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና ከተገኘ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። እንዲህ ቅርብ ሆና ሳለ የፎገራ ገበሬ ባሕር ዳርን የሚያውቃት በሦስት ነገር ነው። ወይ ታሞ ሐኪም ቤት ይሄዳል። ወይ ተካሶ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ወይ ሽንኩርት ጭኖ ገበያ ይሄዳል። ጉዳዩን ጨርሶ በመጣበት ይመለሳል። ከተማዋን ግን አያያትም።

እኔና ባለቤቴ የተጋባነው በጥር 1981 ዓ.ም. ነው። በጥር 2011 ዓ.ም. ሠላሳ ዓመት ሞላን። በእኛ ዘንድ የጋብቻ ቀን ቆጥሮ ማክበር አልተለመደም። ሰርግ አንዴ ነው። የከተማ ባልና ሚስት ግን ቀኑን አስበው አብረው እንደሚውሉ ልጃችን ነገረን። ባለቤቴ ይህን ሰምታ፣ «እኔ ድግስ አልፈልግም። ባሕር ዳርን ሳልታመም ልያት» አለች።

እንዲህ ያለችው በምክንያት ነው። ከዚያ በፊት ባሕር ዳር የሄደችው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ምጥ ጠንቶባት በሌሊት በጭነት መኪና ወሰድናት። እሷ ተረፈች። ሕፃኑ ግን አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ የባሕር ዳር ስም ሲነሣ ዝም ትል ነበር።

ዝግጅታችን

ወሩ ጥር ነው። ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ ገብቷል። ከብቶቹን ለልጃችን አደራ አልን። ሽንኩርቱን እንዲያጠጣልን ወንድሜን ለመንነው። ጎረቤቶቻችን ግን፣ «ምነው፣ ማን ታመመባችሁ?» ይሉን ነበር። «ማንም አልታመመ» ስንል፣ «ታዲያ ምን ልትሠሩ ትሄዳላችሁ?» ብለው ይስቃሉ።

ባለቤቴ የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ማንበብና መጻፍ ተምራለች። ደብተር አወጣችና ወጪውን በየተራ ጻፈች። የመኪና፣ የአልጋ፣ የምግብ፣ የጀልባ፣ የመጠባበቂያ። ከሩዙ ሽያጭ ላይ 2,000 ብር ለጉዞው እንዲሆን ሁለታችንም ተስማማን። ገንዘቡን የያዘችውም እሷ ናት።

ዓርብ ጥር 17 ቀን ጠዋት ወረታ መናኸሪያ ደረስን። ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ጠየቀን። ባለቤቴ የተለጠፈውን ወረቀት ቀና ብላ አነበበችና፣ «ልጄ፣ እዚህ የተጻፈው ሌላ ነው» አለችው። ረዳቱ ሳቀና በታሪፉ ተቀበለን።

መንገዱና ድልድዩ

ከወረታ ወጥቶ ሜዳው ሲያልቅ የጉማራ ድልድይ ይመጣል። ጉማራ በበጋ ይጎድላል። በዳርና በዳሩ ግን የውሃ መሳቢያ ሞተር ሲጮህ ይሰማል። ከዚያ የደራዋ ሐሙሲት አለች። ሐሙሲትንና ዘንዘልማን አልፎ መንገዱ ዓባይ ላይ ይደርሳል። ከተማዋ ከድልድዩ ማዶ ናት።

ድልድዩ አጠገብ ስንደርስ ባለቤቴ፣ «እዚህ እንውረድ። በእግሬ ልሻገረው» አለች። ወረድን። ቀስ ብለን ተራመድን። መሐል ላይ ስንደርስ ቆመች። «ያን ሌሊት ጨለማ ነበር። ድልድይ መሆኑንም አላወቅሁም» አለች። ጥቂት ቆይታም፣ «ይህ ሁሉ ውሃ ከወዴት ይመጣል?» ብላ ጠየቀች።

መልሱ ለፎገራ ሰው ሁሉ ይጠቅማል። ጣና ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ይሰፋል። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ወንዞች ይገቡበታል። ትልልቆቹ አራት ናቸው። እነሱም ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። ከሐይቁ በተፈጥሮ የሚወጣው ወንዝ ግን አንድ ብቻ ነው። እሱም ዓባይ ነው። ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ ተነሥተው በእኛ ሜዳ ያልፋሉ። ጣና ይገባሉ። ከዚያም በዚህ ድልድይ ሥር ዓባይ ሆነው ይወጣሉ።

«ኧረ! የእኛው ውሃ ነዋ!» አለች ባለቤቴ።

አዎ፣ የእኛው ነው። ክረምት ላይ ሞልቶ ማሳችን ላይ የሚተኛው ውሃ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ብዙ ሰው ከቤቱ ያፈናቀለው ጎርፍም ከእነዚህ ወንዞችና ከሐይቁ የመጣ ነው። በሌላ በኩል በ1970ዎቹ በጅግናና በሻጋ የተጀመረው ሩዝ በሜዳችን የለመደው ውሃ ስለሚተኛበት ነው። ውሃው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ይሠራል። ከዚያም ርቆ ጉባ ላይ ይደርሳል። ጉባ ላይ ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዚያ ወዲያ ሱዳንና ግብፅ ናቸው።

አፈራችንም ከውሃው ጋር ይሄዳል። ከማሳ የሚታጠብ አፈርና ማዳበሪያ ለእንቦጭ አረም ምግብ ይሆነዋል። እንቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ነው። ክፉኛ የወረረውም የሰሜኑንና የምሥራቁን ዳርቻ፣ ማለትም የእኛን በኩል ነው።

ከተማዋ

የባሕር ዳር መንገዶች ሰፋፊ ናቸው። ግራና ቀኙን ዘንባባ ቆሞባቸዋል። ከተማዋ የሰፋችው ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ፖሊ ቴክኒክ ተከፈተ። ይህ ትምህርት ቤት ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እኛ የተሻገርነው አሮጌውን ድልድይ ነው። 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል።

የባጃጅ ነጂው፣ «እናቴ፣ አባቴ፣ የት ላድርሳችሁ?» አለን። ባለቤቴ ግን ባጃጅ አልፈለገችም። በእግሯ እየሄደች ሰሌዳ ሁሉ ማንበብ ፈለገች። ፋርማሲ፣ ልብስ ስፌት፣ ምግብ ቤት፣ አልጋ። ያደርንበትንም ቤት ያገኘችው እሷው አንብባ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ዘጌ ለመሄድ ጀልባ ተሳፈርን። በሐይቁ ላይ ብዙ ገዳማት አሉ። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባ ሁለታችንም የምንገባበትን መረጥን። ዘጌ ሐይቁ ውስጥ ዘልቆ የገባ፣ ደን የለበሰ መሬት ነው። እዚያ በሬ ጠምዶ ማረስ አልተለመደም። ሰው የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። ግድግዳዋ በሥዕል የተሞላ ነው። በመንገዳችን ዓሣ አጥማጆች ከደንገል በተሠራ ታንኳ ሲቀዝፉ አየን።

ስንመለስ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ጥብስ ዓሣ በላን። አንዳንዱ የጣና ነጭ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወጥቶ ነው። ያን ጊዜ በወንዙ አፍ መረብ የሚዘረጋ ሰው የከርሞውን ዓሣ ያጠፋል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ባለቤቴ ስለዚያ ሌሊት አነሣች። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ስለ ሕፃኑ አውርተን አናውቅም ነበር። ቤት ውስጥ ሥራ አለ፣ ልጆች አሉ፣ ጎረቤት አለ። እዚያ ግን ሁለታችን ብቻ ነበርን። ያን ማታ አወራን። አለቀስንም።

እሑድ ተመለስን። ከ2,000 ብሩ 340 ብር ተርፎ ነበር። ባለቤቴ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

እናንተም ብትሄዱ

መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ የተዘጋበት ቀን ብዙ ነው። መታወቂያ ያዙ። ወጪውን ሁለታችሁም ተነጋግራችሁ ጻፉ። የጀልባውን ዋጋ ሳትሳፈሩ ተስማሙ። ሩቅ መሄድ ባይመች ጉማራ ድልድይ ድረስ አብሮ መሄድም ጉዞ ነው።

ለመወያየት

1. ከጉማራና ከርብ የሚሄደው ውሃ በየት በየት ያልፋል?
2. የማሳችን አፈር ታጥቦ እንዳይሄድ ምን ማድረግ እንችላለን?
3. ከባለቤታችሁ ጋር ለሥራ ሳይሆን አብራችሁ የወጣችሁት መቼ ነው?