ሰማዩ አራት ሰዓት ነው

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

የዱባይ ትኬትሽ መቆረጡን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ባባ።

በስልክ «አባዬ፣ አራት ሰዓት ብቻ እኮ ነው» ያልሽኝን ሳስብ አደርኩ። እውነትሽን ነው፤ ከቦሌ ዱባይ በአየር 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አራት ሰዓት ያህል ይበረራል። ግን ሰው የሚዘገየው ሰማይ ላይ አይደለም፣ ከመሳፈሩ በፊት ነው።

የኛኑ አገር እዪው። ከመካነ ሰላም ቦሌ በቀጥታ ቢለካ 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ድሮ አየር መንገዱ መካነ ሰላም ያርፍ በነበረበት ጊዜ የጃማን ሸለቆ ከላይ ማለፍ ነበር። መኪና ግን ገደል አይዘልም፤ በአቀስታ አድርጎ ደሴ የወጣ እንደሆነ፣ ከደሴ አዲስ አበባ ብቻውን 400 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ርቀት ስትጠይቂ «በየት በኩል?» ብለሽ ጨምሪ።

አሁን ጉዴን ልንገርሽ። አንድ ጊዜ ለዓይን ሕክምና ከኮምቦልቻ እንድበር ትኬት ተቆረጠልኝ። 07:20 ይላል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ መስሎኝ፣ ቀደም ብዬ አምስት ሰዓት ላይ ነጭ ጋቢዬን ለብሼ ደረስኩ። ጥበቃው ትኬቴን አየና «አባት፣ ይሄ እኮ ጧት አንድ ሰዓት ከሃያ ነበር» አለኝ። አብረውኝ ሊሳፈሩ የነበሩት አዲስ አበባ ገብተው ቁርሳቸውን በልተዋል። የአንድ ሰዓት መንገድ አምልጦኝ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተንገላታሁ፤ የሐኪሙም ቀጠሮ አለፈኝ። ዓይኔ ቁጥሩን አላጣውም፣ ልቤ ነው ያላነበበው።

ስለዚህ ትኬት ላይ ያለው የፈረንጅ ሰዓት ነውና ስድስት ቀንሺለት። 10:00 ቢል የኛ ጧት አራት ሰዓት ነው። ከሁሉ የሚያሳስተው የሌሊቱ ነው፦ «ሰኞ 00:30» ቢል እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ሰኞ ማታ ሻንጣ ይዘሽ ብትሄጂ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን አልፎታል።

መድረሻው ደግሞ በደረሽበት አገር ሰዓት ይጻፋል። ዱባይ ከኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ 10:00 ተነስቶ 15:00 ይደርሳል ቢልሽ አምስት ሰዓት በረራ እንዳይመስልሽ፣ አራት ነው።

ልትሰናበችን መጥተሽ ከወግዲ ስትነሺ መንገድሽን ከቦሌ ወደ ኋላ ቁጠሪው። ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድመሽ ቦሌ ተገኚ፤ አዲስ አበባ ደግሞ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድመሽ ግቢ። ክረምት ከሆነ ሌላ ቀን ጨምሪበት፤ ጭቃው የማንንም ቀጠሮ አያከብርም። ዘመድ ቤት ቀድመሽ ደርሰሽ ቡና ብትጠጪ የሚያስቆጭ አይደለም። ወደፊት በሥራሽም እንዲሁ አድርጊ፦ ሥራው የሚፈጀውን ብቻ ሳይሆን ወደ ሥራው የሚያደርሰውንም ቁጠሪ።

እናትሽ የምትነሺ ቀን ሱብሒ ሰግዳ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ነው የምትውለው። እንደደረስሽ ደውዪላት። ስንት ሰዓት እንደገባሽ ስትነግሪን ግን ሰባት ቀንሰሽ በኛ ንገሪን፤ በስተርጅና ሒሳብ አታስጀምሪን።

አላህ ያግራልሽ።

አባትሽ፣ ከወግዲ