ከሶዶ ወደ ሁምቦ በብስክሌት፦ ሥሩ ያልሞተ ነገር

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው አስፋልት ከተማዋን እንደለቀቀ ቁልቁል ይይዛል። የዳሞታ ተራራ ከጀርባ ይቀራል፤ የእንሰት ጓሮው እየሳሳ የበቆሎ ማሳው ይሰፋል፤ አየሩም እየሞቀ ይሄዳል። ሰማዩ ጥርት ካለ የአባያ ሐይቅ በሩቁ ይታያል። ሶዶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አባያ ደግሞ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ተኝቷል። ሁምቦ በሁለቱ መካከል ናት።

ለብስክሌተኛ ይህ መንገድ ተገላቢጦሽ ነው። ሌላ ቦታ ተራራ የሚዞር ሰው መጀመሪያ ወጥቶ በኋላ እየተዝናና ይወርዳል። ከሶዶ የተነሳ ግን ጠዋት በነፃ ይወርዳል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ፀሐይ ከበረታች በኋላ፣ ከጠበላ ወደ ላይ ሲመለስ ነው።

እሑድ በማለዳ መንገዱ ጭር ይላል። ረፈድ ሲል ሚኒባሱ፣ አይሱዙው፣ ባጃጁና ሞተር ሳይክሉ ይመጣል። ዳር ዳሩን ደግሞ ፍየል የሚነዳ ልጅ፣ ሸክም ያዘለች እናት፣ አህያ አለ። ብስክሌተኛው በሁለቱ መሃል ነው፤ ሾፌሩ እንደ እግረኛ ያየዋል፣ እግረኛው ደግሞ እንደ መኪና። ለእሱ ተብሎ የተተወ ቦታ የለም።

በሁምቦ ያለፈ ሰው ኮረብታዎቹን ማየት አለበት። እነዚህ ኮረብታዎች ለረጅም ዘመን የተራቆቱ ነበሩ፤ ዛፉ ለማገዶና ለከሰል አልቆ፣ አፈሩ በጎርፍ ይታጠብ ነበር። ከዚያ የአካባቢው ገበሬዎች በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው፣ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ፣ 2,728 ሄክታር መሬት መጠበቅ ጀመሩ። ሥራው በአብዛኛው ችግኝ መትከል አልነበረም። ዛፉ ቢቆረጥም ከመሬት በታች ያለው ጉቶና ሥር ሕይወት ነበረው፤ ከብትና መጥረቢያ ሲከለከልለት፣ ቅርንጫፉ ሲገረዝለት፣ ራሱ አደገ። በ2002 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ሥራ ሆነ። የዓለም ባንክም የካርበን ገዥ ሆኖ ገባበት።

የሁምቦ ትምህርት አጭር ነው፦ ሥሩ ካልሞተ የሚያስፈልገው ጥበቃ ነው።

የኢትዮጵያ ብስክሌትም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው የኦሊምፒክ ታሪካችን ከአበበ ቢቂላ የሚጀምር ይመስለዋል። ኢትዮጵያ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው፤ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። በጎዳና ውድድሩ ቡድናችን 9ኛ ሲወጣ፣ ገረመው ደንቦባ በግሉ 24ኛ ሆነ። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ከዚያ በኋላ ነው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና የትግራይን የብስክሌት ሕይወት ቆረጠው። ቆረጠው እንጂ አልነቀለውም።

ጎረቤቶቻችን በዚህ ጊዜ የት ደረሱ? የአስመራው ቢንያም ግርማይ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ለበሰ። መስከረም 2018 ዓ.ም. ላይ ኪጋሊ፣ አፍሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና አስተናገደች። የኪጋሊ ዳገት ከሁምቦ ዳገት በምን ይበልጣል? በምንም። ልዩነቱ መንገዱ ለብስክሌት ሲባል መዘጋቱ ነው።

«በዚህ ኑሮ ውድነት፣ ወጣቱ ሥራ አጥቶ ሳለ፣ ብስክሌት ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ብስክሌት መጀመሪያ ስፖርት አይደለም። ተማሪውን ትምህርት ቤት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ቀበሌ የሚያደርስ፣ ነዳጅ የማይጠይቅ መጓጓዣ ነው። አስመራ ሻምፒዮን ያፈራችው ስታዲየም ስለሠራች ሳይሆን ሰዉ በየቀኑ በብስክሌት ስለሚሄድ ነው። ትራንስፖርት ሚኒስቴርም ቢሆን ይህን ያውቃል፤ ለእግረኛና ለብስክሌት ያወጣው ስትራቴጂ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ ነው። ወረቀቱ አለ፤ የጎደለው የመንገዱ ዳር ነው።

ጥበቃ ደግሞ በነፃ አይገኝም። የሁምቦ ገበሬ ኮረብታውን ሲከልል ከብቱን የሚያሰማራበትንና ማገዶ የሚለቅምበትን ቦታ ትቷል። በምትኩ መሬቱን የመጠቀም መብቱ በሕግ ተረጋገጠለት፤ ሣሩን አጭዶ ወሰደ። መንገዱም ላይ አንድ ሰው የሆነ ነገር መተው አለበት። ሾፌሩ ትንሽ ፍጥነት ይተዋል። መንገድ ሠሪው አስፋልቱን ሲያድስ ሜትር ተኩል ዳር ይተዋል። የከተማው አስተዳደር በወር አንድ እሑድ፣ ከንጋት እስከ ረፋድ ሦስት ሰዓት፣ ከሶዶ እስከ ጠበላ ያለውን መንገድ ለእግረኛና ለብስክሌት ይተዋል። አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» ብላ የሞከረችው ይህንኑ ነው። አስቸኳይ ታማሚ ለሚያደርስ መኪና ማለፊያ ተትቶ፣ ገበያ በሌለበት ቀን ቢደረግ፣ ማንንም አይጎዳም።

የመጀመሪያው እሑድ ላይ ሃያ ልጅ ቢመጣ በቂ ነው። ግማሹ በኪራይ ብስክሌት፣ ሌላው ፍሬኑ በላላ የአባቱ ብስክሌት ይመጣል። ቁልቁለቱን ሁሉም ይወርደዋል። ከጠበላ ወደ ሶዶ በሚመለሰው ዳገት ላይ ግን ከብስክሌቱ ሳይወርድ የሚጨርስ አንድ ሁለት ልጅ ይታያል።

እስከ ዛሬ ያልታየው ዳገቱን የሚወጣው ልጅ ስለሌለ አይደለም። መንገዱን የሚጠብቅለት ሰው ስለሌለ ነው።