ለማያውቁት ሰው የሚከፈል ውለታ

«ፔይ ኢት ፎርዋርድ»ን ያየ ሰው ስለ ፊልሙ ሲጠየቅ ወይ ሥዕሏን ያነሳል፣ ወይ መጨረሻውን። ሥዕሏ ልጁ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሠራት ናት፤ ከላይ አንድ ክብ፣ ከሥሯ ሦስት፣ ከነዚያ ሥር ዘጠኝ። መጨረሻው ደግሞ ያው የሚያስለቅሰው ነው። እኔ ሰሞኑን ደግሜ ሳየው ልቤ የቀረው ግን የልጁ እናት ላይ ነው። ፊልሙ የልጁ ነው ይባላል እንጂ ከባዱን ሸክም የተሸከመችው እሷ ናት ባይ ነኝ።

ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ፊልሙ በፈረንጆቹ 2000 የወጣ ነው፤ ዳይሬክተሯ ሚሚ ሌደር፣ መነሻው ካትሪን ራያን ሃይድ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ያሳተመችው ልብ ወለድ። ትሬቨር (ሄሊ ጆኤል ኦስመንት) ላስ ቬጋስ ውስጥ ከእናቱ ጋር የሚኖር የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ፊቱ በቃጠሎ ጠባሳ የተሸፈነው መምህሩ ዩጂን (ኬቨን ስፔሲ) ትምህርት በተጀመረበት ቀን ለክፍሉ አንድ የቤት ሥራ ይሰጣል፦ ዓለምን የሚለውጥ ሐሳብ አምጡና በተግባር አውሉት። ትሬቨር ነገሩን የምር ይይዘዋል። ለሦስት ሰዎች፣ በራሳቸው አቅም ሊወጡት የማይችሉትን ከባድ ነገር ያደርግላቸዋል። እነሱ ውለታውን ለሱ አይመልሱም፤ እያንዳንዳቸው ለሌሎች ሦስት ሰዎች ያደርጋሉ።

ሒሳቡ ልብ ይሰርቃል። ሦስትን በሦስት እያባዛችሁ ሂዱ፤ አሥረኛው ዙር ላይ 59,049 ትደርሳላችሁ። ሃያ አንደኛው ላይ ቁጥሩ 10 ቢሊዮንን ያልፋል፤ የምድር ሕዝብ አልቆ ሰው ፍለጋ ልትወጡ ነው። (ከሥርህ ሦስት ሰው ብቻ አምጣ ተብሎ ገንዘቡን የተበላ ሰው ካለ እዚህች ጋ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።)

ፊልሙን የማከብረው ግን ይህን ሒሳብ ራሱ ስለማያምነው ነው። ትሬቨር በመጀመሪያ የሚረዳው ጄሪ የተባለ ሱሰኛ የጎዳና ተዳዳሪ ነው። ቤቱ አምጥቶ ያበላዋል፣ ጋራዥ ውስጥ ያስተኛዋል። ጄሪም ብድሩን ለመመለስ ያህል የቆመውን የእናትየውን መኪና ይጠግናል፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሱሱ ይመለሳል። ሁለተኛው ሙከራ ብቸኛ መምህሩን ከእናቱ ጋር ማገናኘት ነበር፤ እሱም አንዴ ሲሆን አንዴ ሲፈርስ ይቆያል። ሦስተኛው ትምህርት ቤት የሚደበደብ ጓደኛው ነው፤ ትሬቨር ሊያድነው ሲገባው ፈርቶ ቆሞ ያያል። ልጁ ከመዝገቡ ላይ ስም እየሰረዘ ነው እንግዲህ። በሱ ቤት ሐሳቡ ከሽፏል።

ሰንሰለቱ ግን እሱ በማያውቀው መንገድ ሄዷል። ፊልሙ የሚጀምረው መኪናው ዝናብ ውስጥ በተጨፈለቀበት ጋዜጠኛ ነው፤ አንድ የማያውቀው ሰው የአዲስ ጃጓሩን ቁልፍ አቀብሎት ይሄዳል። ጋዜጠኛው ጤነኛ ሰው እንዲህ አያደርግም ብሎ ምንጩን ፍለጋ ወደ ኋላ ይጓዛል። ጃጓሩን የሰጠው ጠበቃ፣ ልጁ አስም አፍኗት ድንገተኛ ክፍል ወረፋ ስትጠብቅ፣ አጠገቧ የተቀመጠ አንድ የቆሰለ ወንበዴ ሽጉጥ አውጥቶ ሐኪሞቹን አስገድዶ ያሳከመለት ሰው ነው። ወንበዴውን ደግሞ ከፖሊስ ሲሸሽ መኪናዋ ውስጥ ደብቃ ያስመለጠችው ግሬስ የምትባል ጠጪ፣ ቤት አልባ አሮጊት ናት። ግሬስ ማን ናት? የትሬቨር አያት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የትሬቨር እናት አርሊን (ሄለን ሃንት) ሁለት ሥራ ትሠራለች። ሌሊት በከፊል እርቃን ጨፋሪዎች መሀል መጠጥ ታስተናግዳለች፤ እሷም ራሷ መጠጥ እየደበቀች የምትጠጣ ናት፣ ለማቆም ትታገላለች። በልጅነቷ በእናቷ እጅ ያየችው መከራ ዛሬም አልወጣላትም። ይቺ ሴት ናት እንግዲህ ልጇ የጀመረው ነገር ሲደርሳት ከሥራ ባልደረባዋ ወይም ከመንገደኛ ሳትጀምር እናቷ ወደምታድርበት ሜዳ የምትሄደው። ይቅር ብዬሻለሁ ልትላት። ምንም አልሆነም አትላትም፤ ሆኗል። የልጅ ልጅሽን መጥተሽ ማየት ትችያለሽ፣ ጠጥተሽ ግን እንዳትመጪ ነው ነገሩ። ሄለን ሃንት ይህን ስትናገር ድምጿ ውስጥ ፍቅር ብቻ አይደለም ያለው፤ ቁጣው እዚያው አለ፣ ቁጣው እያለ ነው የምትናገረው። እኔ ብሆን ኦስካር የምሰጠው ለዚህች ትዕይንት ብቻ ነበር።

አሁን ዋጋውን እናስላ። ጠበቃው የሰጠው ጃጓር ብዙ ብር ያወጣል፣ ግን ሀብታም ነው፣ ልጁም ተርፋለች፤ ምን ጎደለበት? አርሊን የሰጠችው አንድ ሳንቲም አያወጣም። ሆኖም ያቺ አንዲት ዘለላ ብትቋረጥ ግሬስ ለሚሸሽ ወንበዴ በሯን የምትከፍትበት ምክንያት የላትም፣ የጠበቃው ልጅም ትሞታለች፣ ጋዜጠኛውም ዝናቡን እየተመታ ይቀራል። ስለ ማያውቁት ሰው ደግነት የሚያወራው ፊልም ሞተሩ ያለው በእናትና በልጅ መካከል ነው።

ለማያውቁት ሰው ደግ መሆን በአንድ በኩል ይቀላላ። በድሎን አያውቅም። ሂሳብ የለንም። የታመመ ሰው ፎቶ ስልካችን ላይ ሲመጣ አንድ መቶ ብር ለመላክ አናመነታም፤ «እግዜር ይማርህ» ጽፈን እናልፋለን። በውርስ ቤት ከተጣላነው ወንድማችን ጋር ግን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ንፍሮ እየዘገንን አንተያይም። ሽማግሌ ቢመጣ ራሱ «እሱ ይምጣ» እንላለን።

የፊልሙን መጨረሻ ግን አልወደድኩትም፤ ያኔም ብዙ ሐያሲዎች ነቅፈውታል። ትሬቨር ጓደኛውን ከደብዳቢዎች ሊያስጥል ገብቶ በጩቤ ተወግቶ ይሞታል፤ ከዚያ ሻማ የያዘ ሕዝብ ቤቱን ይሞላዋል። ልጁ በአንድ ሌሊት ጻድቅ ሆነ። ጻድቅ ደግሞ እናከብረዋለን እንጂ አንመስለውም፤ አልቅሰን ሶፍታችንን ጥለን እንወጣለን። እየተሳሳተ፣ እየፈራ፣ ስም እየሰረዘ የሚቀጥል ትሬቨር ይሻለኝ ነበር።

የደራሲዋ የራሷ ታሪክ ከዚህ ይልቅ ያሳምነኛል። ካትሪን ራያን ሃይድ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አስጊ በሚባል ሰፈር ስትነዳ መኪናዋ ይቃጠላል። ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች ብርድ ልብስ ይዘው ወደ እሷ ሲሮጡ ስታይ መጀመሪያ የመጣላት ፍርሃት ነበር፤ እነሱ ግን እሳቱን አጥፍተውላት፣ ለማመስገን ዘወር ስትል የሉም። የምትመልስለት ሰው ስታጣ መንገድ ላይ መኪና የቆመበትን ሰው መርዳት ጀመረች። ልብ ወለዱ ከዚያ መጣ።

ከፊልሙ በኋላ ሐሳቡ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ወደ ምግብ መግዣ ሰልፍ ወረደ። መኪናህ ውስጥ ሆነህ ከኋላህ ላለው ትከፍላለህ፣ እሱም ከኋላው ላለው። ካናዳ ዊኒፔግ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2012 አንድ ቡና ቤት በር ላይ 228 መኪና እንዲህ ተቀባበለ፤ ሚኒሶታ ብሬይነርድ ውስጥ በታኅሣሥ 2020 ከ900 በላይ። ጥሩ ጨዋታ ነው፣ ሰው ፈገግ ይላል። ግን ሁሉም በርገሩን መግዛት የሚችል ሰው ነው፣ ሁሉም ያው አንድ በርገር ከፍሎ ሄደ። ትሬቨር ያለው «ራሳቸው ሊወጡት የማይችሉት» የሚለው ነገር የት ገባ? በ2014 ኩርት ግሬይና ሁለት ባልደረቦቹ ያሳተሙት የሥነ ልቦና ጥናትም ደስ አይልም፦ ስስት የደረሰበት ሰው ስስቱን ለሚቀጥለው ሲያስተላልፍ፣ ቸርነት የደረሰው ግን ቢበዛ እኩል አካፍሎ ይቆም ነበር።

ፊልሙ የተሠራባት ላስ ቬጋስ ብዙ ሐበሻ አለ፤ ታክሲ የሚነዳ፣ እንደ አርሊን ሌሊቱን ሥራ ላይ የሚያድር። እዚያ ያለ አንድ የማውቀው ታክሲ ነጂ ቤቱ ሶፋው ባዶ ሆኖ አያውቅም። አዲስ መጪ ከኤርፖርት ያመጣል፣ ወረቀቱን ያስጨርሰዋል፣ እሑድ ጠዋት ሰው የሌለበት ፓርኪንግ ወስዶ በገዛ መኪናው ለመንጃ ፈቃድ ያለማምደዋል። ፍሬንና ነዳጅ ያምታታ ልጅ አጥሩ ላይ ሲሰቅልበት እንኳ «አይዞህ፣ ማርሹን ወደ ኋላ አድርግ» ነው ያለው፤ መከላከያው ዛሬም በሽቦ እንደታሰረ ነው። ክፍያ ሲሉት ነገ ሌላ ሲመጣ ትከፍላለህ ይላል። ፊልሙን አላየውም።

መጀመሪያ እሱን ማን እንደተቀበለው ጠየቅኩት። የአክስቱ ልጅ ነው፤ ሲመጣ ሶፋ የሰጠው፣ መኪና ያስለመደው። በኋላ በገንዘብ ተጣልተው ዓመታት ሆኗቸዋል፤ በአንድ ከተማ ይኖራሉ፣ አይነጋገሩም። ታዲያ ለዚህ ሁሉ ሰው በርህን ስትከፍት ለእሱ ለምን አትደውልለትም አልኩት።

«እሱ ሌላ ነው» አለኝና ስለ ቤንዚን ዋጋ ማውራት ጀመረ።