ብልቃጡስ?

ባለፈው ወር አየር ላይ ስህተት አወራሁ፤ ያውም አሳምሬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ ላይ በሳምንት አንዴ የአምስት ደቂቃ የሳይንስ ወሬ አቀርባለሁ። (በጋዜጠኝነት ተመርቆ ሥራ የፈለገ ሰው አምስት ደቂቃ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነች ያውቃል።) የዚያን ሳምንት ርዕሴ የሬዲዮ ሞገድን በኳንተም ስለሚለካ መሣሪያ ነበር። የብረት አንቴና የለውም፤ ሞገዱን የሚያዳምጡት አቶሞች ናቸው። ነገሩ በጣም ስለጣመኝ መጨረሻ ላይ "የሚለካውን ሞገድ ፈጽሞ የማይረብሽ መሣሪያ" አልኩና ሙዚቃ ጋበዝኩ።

ማታ ቤት ስገባ አባዬ ትንሿን ሬዲዮ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይጠብቀኛል። አባዬ 31 ዓመት ሙሉ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። "ጎበዝ" እስኪለኝ ስጠብቅ፣

"አቶሞቹን ምን ውስጥ ነው የሚያስቀምጧቸው?" አለኝ።

"ብልቃጥ ውስጥ። የመስታወት ብልቃጥ።"

"ታዲያ ብልቃጡስ?"

ዝም አልኩ። ያን ሌሊት ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጬ አደርኩ።

እስቲ መጀመሪያ መሣሪያውን ላስተዋውቃችሁ። አየሩ ተመጥጦ የወጣለት ብልቃጥ ውስጥ ጥቂት ሩቢዲየም ወይም ሲዚየም ይገባል። ሁለቱም ለስላሳ ብረቶች ናቸው፤ ሲዚየም እንዲያውም በ28.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ድሬዳዋ ቢወስዱት ብልቃጡ ውስጥ ይፈስሳል። ከብረቱ ጥቂት ጥቂት እየተነነ ብልቃጡን ይሞላል። በተኑ መሀል ሁለት ሌዘር ያሳልፋሉ፤ ለሩቢዲየም ከሆነ አንዱ 780፣ ሌላው 480 ናኖሜትር ገደማ። ሁለቱ ተረዳድተው የአቶሙን የዳር ኤሌክትሮን ከእምብርቱ እጅግ አርቀው ይሰቅሉታል። እንዲህ የተለጠጠ አቶም በስዊድናዊው የፊዚክስ ሊቅ ስም ሪድበርግ አቶም ይባላል። 50ኛው ደረጃ ላይ የወጣ አቶም ከተራ የሃይድሮጅን አቶም ከ2,000 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ኤሌክትሮኑ በቀጭን ክር የተንጠለጠለ ያህል ስለሆነ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ እንኳ ይነቀንቀዋል።

ሁለቱ ሌዘሮች በትክክል ሲገጥሙ፣ የመጀመሪያውን ብርሃን ይውጥ የነበረው ተን ድንገት ያሳልፈዋል። በግራፍ ሲሳል አንድ ጉብታ ይወጣል። ከአቶሙ ጋር የሚስማማ የሬዲዮ ሞገድ ሲመጣ ጉብታው ለሁለት ይከፈላል፤ ሞገዱ በበረታ ቁጥር ሁለቱ ጉብታዎች ይራራቃሉ። ያንን ርቀት ለክቶ፣ በፕላንክ ቋሚ ቁጥርና በአቶሙ ባሕርይ አስልቶ የሞገዱን ጥንካሬ ማወቅ ይቻላል።

ይሄ ምኑ ያስደንቃል? የብረት አንቴና ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ጥንካሬው በታወቀ ሞገድ መፈተሽ አለበት። የሞገዱን ጥንካሬ ለማወቅ ደግሞ አስቀድሞ የተፈተሸ አንቴና ያስፈልጋል። የዶሮና የእንቁላል ነገር። አቶም ግን ፋብሪካ አይቀያይረውም፤ ቦልደርም ሆነ ቢሾፍቱ ሩቢዲየም ያው ሩቢዲየም ነው። መንገዱን በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በደንብ ከፈተው። ከዚያ በኋላ ቦልደር፣ ኮሎራዶ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እነ ክሪስቶፈር ሆሎዌይ በ2019 የጊታር ድምፅ በአቶም ቀረጹ፤ በ2022 ደግሞ ቀጥታ የቪዲዮ ምስል ተቀበሉ።

እዚህ ድረስ ያወራሁት ልክ ነበር። ችግሩ አቶም ሜዳ ላይ አይቀመጥም። ሩቢዲየም እርጥበት ሲነካው ይቀጣጠላል። ብልቃጡ ውስጥ አየር ከቀረ ደግሞ የተለጠጠው አቶም ከአየሩ ጋር እየተጋጨ መለኪያነቱ ይበላሻል። ስለዚህ ብልቃጥ ግድ ነው። ብልቃጡ ግን አርፎ አይቀመጥም።

መስታወት የሬዲዮ ሞገድን እንዳለ አያሳልፍም፤ ከፊሉን ያንጸባርቃል። በ10 ጊጋኸርዝ የአንድ ሞገድ ርዝመት 3 ሴንቲሜትር ነው። ብልቃጡም ጥቂት ሴንቲሜትር ከሆነ ሞገዱ በግድግዳዎቹ መሀል ይመላለሳል፤ አንዱ ቦታ ላይ ይበረታል፣ ሌላው ቦታ ላይ ይደክማል። ሌዘሩን ትንሽ ወዲህ ብታደርጉት ሌላ ቁጥር ታገኛላችሁ። ከውጭ የመጣው ሞገድ አልተለወጠም፤ ብልቃጡ ነው ጣልቃ የገባው።

"ታዲያ ማሳነስ ነዋ!" ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ከሞገዱ ርዝመት እጅግ ያነሰና ግድግዳው የሳሳ ብልቃጥ ረብሻው ይቀንሳል። ግን ሲያንስ በሌዘሩ መንገድ ላይ ያሉት አቶሞችም ይቀንሳሉ፤ የቀሩትም ለግድግዳው ይቀርባሉ። ግድግዳው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለበት። መስታወቱ ላይ የተለጠፉ አቶሞች የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጥራሉ፤ ያ የተንጠለጠለ ኤሌክትሮን እሱንም ይሰማል። የተለጠፈው ብረት እንደ ስስ መጋረጃ ሆኖ በጣም ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ያላቸውን ሞገዶች ደጅ ያስቀራል። በ2020 በአሜሪካ የሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች የሆኑት ጃውና ካርተር በመስታወት ፈንታ የሰንፔር ብልቃጥ ተጠቅመው ከ1 ኪሎኸርዝ በታች ያለ ሞገድ መለካት ችለዋል።

ሥራውም የዋዛ አይደለም። በሙጫ ካጣበቃችሁት ሙጫው ቀስ በቀስ ጋዝ እየተፋ ቫኪዩሙን ያበላሻል። ስለዚህ መስታወቱን በእሳት አቅልጠው ያያይዙታል፤ ወይም መስታወትና ሲሊከንን በሙቀትና በከፍተኛ ቮልቴጅ ያለ ሙጫ ያጋጥማሉ። ሲሊከን ግን ከመስታወት ይልቅ ሞገድ ያንጸባርቃል። አንዱን ስትሸሹ ሌላው ላይ ትወድቃላችሁ።

ባጭሩ ፍጹም ብልቃጥ የለም። የሙያው ሰዎች የሚያደርጉት ብልቃጣቸውን ማወቅ ነው፤ የት የት እንደሚያዛባ ያሰላሉ፣ ይለካሉ፣ ከውጤቱ ጎን ስህተቱ እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል ይጽፋሉ። እኔ የዘለልኩት ይህንን ነው።

አባዬ ይህን ሁሉ አላነበበም። እሱ የሚያውቀው አጭር ሞገድ ነው። ማታ ማታ የአሜሪካ ድምፅና የዶቼ ቬለ የአማርኛ ሥርጭት ሲጀምር ሰዉ ሬዲዮውን ይዞ ጓዳ ለጓዳ የሚዞርበትን ዘመን ያስታውሳል። "ደንበኛ 'ይንሿሿል' ብሎ ያመጣዋል፤ እኔ እጅ ላይ ጥርት ብሎ ይሠራል። ለምን? ይዤዋለኋ! ሰውነቴም አንቴና ሆኗል" ይላል።

ያን ሌሊት ግን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ክረምት አባዬ ሱቁን ሲዘጋ ለፕሮግራሜ ቃለ መጠይቅ አድርጌለት ነበር። መቅረጫዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ ሲቀልድ የሚውለው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገና "በሙያዬ ኅብረተሰቡን በማገልገሌ ኩራት ይሰማኛል" አለኝ። እኔም እሷኑ አስተላለፍኩ። መቅረጫውን ካጠፋሁ በኋላ ነው ካቻቢቴዎቹን በጨርቅ እየጠቀለለ "ሱቁ እንኳ ምንም አይደል፤ ጆሮዬ ነው የዘጋኝ። ግራው ከደከመ ሁለት ዓመቱ" ያለኝ። ጣቢያ የሚያስተካክለው በጆሮው ነበር።

እሱን አለማስተላለፌ ልክ ነበር፤ አልፈቀደልኝም። የተቀረጸውን ግን "የሬዲዮ ጠጋኙ ስንብት" ብዬ፣ ሰውየው እንዳለ ያ ነው ብዬ አቀረብኩት። መቅረጫው መሀላችን እንደነበረ ረሳሁት። (ይህንን ለመጻፍ አስፈቅጄዋለሁ። "ጻፊው፤ ብቻ አታልቅሺበት" ብሎኛል።)

በማግስቱ አለቃዬን እርማት ልስጥ አልኩት።

"ማን አስተዋለው ደግሞ?" አለኝ።

"አንድ ሰው።"

40 ሰከንድ ሰጠኝ። ስለ ብልቃጡ፣ ስለ መስታወቱና ስለ ሰንፔሩ ተንፈስ ሳልል አወራሁ። ሙዚቃ አልጋበዝኩም፤ ሰዓት አልቆ ነበር።

ማታ ስገባ አባዬ በቀኝ ጆሮው በኩል እንድቀመጥ ወንበር ሳበልኝ።

"ሰንፔር ግን ውድ አይደለም እንዴ?" አለኝ።

ፈልጌ እመጣለሁ። እስከዚያው ቸር ያሰንብተን።