ከበሮ መቺው ወደ እርሻው ሲሄድ

ስለ ሮክ ሙዚቃ ልጽፍ ነው ስላቸው የጡረታ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። 37 ዓመት በነርስነት የሠራች፣ ከጥላሁን ገሠሠና ከአስቴር አወቀ ሌላ ካሴት ገዝታ የማታውቅ ሴት ስለ ፈረንጅ ጊታር ምን አገባት? እውነት አላቸው። ነገር ግን ባለፉት ሁለት ዓመታት አር ኢ ኤም ስለሚባል የአሜሪካ ባንድ ያነበብኩትን ያህል፣ በሥራ ዘመኔ ስለ አንዳንድ በሽታ እንኳ አላነበብኩም። ያስጀመረኝ ልጄ ነው። እንዳላቆም ያደረገኝ ግን የባንዱ ከበሮ መቺ የራስ ምታት ነው፤ እመጣበታለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ልጄ የሚኖረው ጆርጂያ ግዛት ውስጥ፣ አትላንታ አጠገብ ነው። የአገራችን ሰው የበዛበት ስፍራ ስለሆነ እንጀራውም በርበሬውም አይጠፋም። ምራቴ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ላርሳት ሄጄ ሦስት ወር ቆየሁ። ልጄ ያኔ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ሰንብቶ ቅዳሜ ይመጣል። ገበያ ልንሄድ የቤት መኪናው ውስጥ በገባን ቁጥር የሚከፈተው የእነዚሁ ሰዎች ዘፈን ነው። አንድ ቀን «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚያጉተመትመው?» አልኩት። «እማዬ፣ እነዚህ እኮ የዚሁ አገር ልጆች ናቸው፤ ከተማቸው ከዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ቢነዳ ነው» አለኝ። በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይዞኝ ሄደ።

ከተማዋ አቴንስ ትባላለች፤ የግሪኳ ሳትሆን የጆርጂያዋ። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አለባት። ጊታር ተጫዋቹ ፒተር በክ እዚያ ሸክላ መሸጫ ውስጥ ይሠራ ነበር። ዘፋኙ ማይክል ስታይፕ ደግሞ የሥነ ጥበብ ተማሪ ነበርና ሸክላ ሊገዛ ሲመላለስ ተዋወቁ። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ማይክ ሚልስና ከበሮ መቺው ቢል ቤሪ ሜከን በምትባል ሌላ የጆርጂያ ከተማ በተማሪነታቸው የሚተዋወቁ ናቸው። አራቱም ከእኔ ጋር የሁለት ዓመት ብልጫ ቢኖራቸው ነው፤ እነሱ ባንድ ሲያቋቁሙ እኔም የነርስ ተማሪ ነበርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት የተጫወቱት ኤፕሪል 5 ቀን 1980፣ ለጓደኛቸው ልደት፣ አገልግሎት ባቆመ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ልጄ ይህን ሲነግረኝ አማተብኩ። ከሕንፃው ዛሬ የቀረው ማማው ብቻ ነው፤ እሱን ለማየት ከሩቅ የሚመጡ አሉ። እኔም አንዷ ሆንኩ ማለት ነው።

ስለ ማጉተምተሙ የጠየቅኩት ለካ ያለ ነገር አልነበረም። በ1983 ያወጡት የመጀመሪያው ሙሉ አልበም «መርመር» ይባላል፤ ትርጉሙ ራሱ ማጉተምተም ነው። ስታይፕ ቃላቱን እየዋጠ ስለሚዘፍን የገዛ አገሩ ሰዎችም ምን እንደሚል አይለዩትም ነበር። ሽፋኑ ላይ ያለው ኩድዙ የሚባል ሐረግ ነው። ከሩቅ ምሥራቅ መጥቶ የአሜሪካን ደቡባዊ ግዛቶች ዛፍ፣ አጥርና ባዶ ቤት የሚውጥ፣ ሐይቃችንን እንደወረረው እምቦጭ ያለ አስቸጋሪ ተክል ነው፤ በየመንገዱ ዳር አይቼዋለሁ። ማይክል ጃክሰን በ«ትሪለር» ዓለምን በሚያናውጥበት በዚያ ዓመት፣ ሮሊንግ ስቶን የተባለው መጽሔት የዓመቱ ምርጥ አልበም ብሎ የመረጠው ይህን ጉተምታ ነው።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ አንድ አልበም እያወጡ፣ በአሮጌ መኪና ከከተማ ከተማ እየዞሩ ሠሩ። ትልልቆቹ ሬዲዮ ጣቢያዎች አያጫውቷቸውም፤ የሚያጫውቷቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚያስተዳድሯቸው ትንንሽ ጣቢያዎች ነበሩ። «አማራጭ ሮክ» የሚባለው ስም የመጣው ከዚህ ዓይነቱ መንገድ ነው። በ1987 «ዶኪዩመንት» ከተባለው አልበማቸው አንድ ዘፈን አገር ምድሩን አዳረሰ፤ በ1988 ወደ ትልቁ ዋርነር ኩባንያ ተዛወሩ።

በ1991 «አውት ኦፍ ታይም» ወጣ። ይህ አልበም «ሉዚንግ ማይ ሪሊጅን» የሚል ዘፈን አለው። ስሙ ቃል በቃል ሲተረጎም «ሃይማኖቴን እያጣሁ ነው» ይሆናልና፣ የእኔ ዓይነት እናት ብትደነግጥ አይፈረድባትም። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች አነጋገር ግን ትዕግሥቴ አለቀ፣ ከአቅሜ በላይ ሆነ ለማለት ነው። ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ ሲያንጎራጉረው ብትሰሙ ንስሐ አባቱን አትጥሩበት። በክ ማንዶሊን የምትባል ትንሽ የክር መሣሪያ እየተለማመደ ሳለ ያገኘው ዜማ ነው፤ ሮክ የምንለው ጩኸት የለበትም።

እኔን የያዘኝ ግን የ1992ቱ «አውቶማቲክ ፎር ዘ ፒፕል» ነው። ስሙን የወሰዱት አቴንስ ካለ የዶሮ ጥብስ ከሚሸጥ ምግብ ቤት መፈክር ነው። ከስሙ ቅለት በታች ያለው ጉዳይ ሞት፣ እርጅናና ኀዘን ነው። ስታይፕ ያኔ 32 ዓመቱ ነበር፤ ከዘፈኖቹ በአንዱ የሚናገረው ግን ሞት የቀረበው አዛውንት ሆኖ ነው። እንዲህ ዓይነት አዛውንቶች አልጋ አጠገብ ብዙ ሌሊት ተቀምጫለሁ። የሚጨንቃቸው መሞታቸው ሳይሆን ቤተሰቡን ማድከማቸው ነው። ይህ ወጣት ይህን ከየት አወቀው ብዬ ገርሞኛል። «ኤቭሪባዲ ኸርትስ» የተባለው፣ የማይከፋው የለም እንደማለት፣ በአብዛኛው የከበሮ መቺው የቤሪ ሥራ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ላሉ ልጆች እንዲገባ ሆን ተብሎ በቀላል ቃል ተሠርቷል፤ የሚገርመው በዘፈኑ ውስጥ ከበሮውን የሚመታው በአብዛኛው ማሽን ነው። በእንግሊዝ ለተጨነቁ ሰዎች በስልክ የሚደርሰው ሳማሪታንስ የተባለ ድርጅት በ1995 የዘፈኑን ቃላት ለወጣት ወንዶች በወጣ ማስታወቂያ ላይ ተጠቅሞባቸዋል። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ሲከፋው «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ» እንላለን፤ እዚያ ዘፈን ላይ እንዲህ የሚል ሰው የለም።

አሁን ወደ ራስ ምታቱ።

በ1995 ከስድስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለምን ለመዞር ተነሡ። ማርች 1 ቀን ስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ መድረክ ላይ ሳሉ ቤሪ ከባድ ራስ ምታት ይዞት ወደቀ። የአንጎሉ የደም ቧንቧ ፈንድቶ ነበር። የደም ቧንቧ ግድግዳ አንድ ቦታ ላይ ሲሳሳ እንደ ፊኛ ይነፋል፤ ሰው ሳያውቀው ለዓመታት ይዞት ሊኖር ይችላል። ሲፈነዳ ደም አንጎል ዙሪያ ይፈሳል። ሆስፒታል ሳይደርሱ የሚሞቱ አሉ፤ ተርፈው ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝላቸው አሉ። ቤሪ እዚያው ሎዛን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዳነ። በሜይ ወር ተመልሶ ከበሮው ላይ ተቀመጠ። ይህን ሳነብ ቆሜ ነው ያጨበጨብኩት፤ ለከበሮው ሳይሆን ለቀዶ ሐኪሞቹ።

የነርስ ልማድ ነውና ሳልናገር አላልፍም። በአንዲት ቅጽበት የሚጀምር፣ «በሕይወቴ እንዲህ አሞኝ አያውቅም» የሚያሰኝ ራስ ምታት፣ በተለይ ማስታወክ፣ የአንገት መገተር ወይም ራስን መሳት ካለበት፣ ቡና ተጠጥቶ የሚታለፍ አይደለም። ጠዋት እስኪነጋ አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። የደም ግፊትና ሲጋራ ደግሞ የሳሳውን ቧንቧ ወደ መፈንዳት ይገፉታል።

በዚያው ጉዞ ላይ ሚልስ በአንጀት ችግር ሆዱ ተከፈተ፤ ስታይፕም ለቡአ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከአራት ሰው ሦስቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢላዋ ነካቸው ማለት ነው። ይህ ሁሉ እየሆነ በየመድረኩና በየልምምዱ ከቀዱት ድምፅ የ1996ቱን «ኒው አድቬንቸርስ ኢን ሃይ ፋይ» ሠሩ። በዚያው ዓመት ከዋርነር ጋር አዲስ ውል ተፈራረሙ፤ ጋዜጦች ውሉን 80 ሚሊዮን ዶላር ያህል ገምተውት ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በኦክቶበር 1997፣ ቤሪ ወጣ። 39 ዓመቱ ነበር። ሐኪም ከልክሎት አይደለም፤ ተጣልቶም አይደለም። ፍላጎቱ አለቀ፣ መንገዱ ሰለቸው። «ባንዱ የሚበተን ከሆነ ግን አልወጣም» ብሎ ለጓደኞቹ ነገራቸው። እነሱም እንቀጥላለን፣ ሂድ አሉት። ስታይፕ ያኔ የተናገረው ለልጄ ተረት ሆኖለታል፤ ሦስት እግር ያለው ውሻም ውሻ ነው፣ አሯሯጡን ብቻ መማር አለበት፣ የሚል መንፈስ ያለው ነገር ነው። ቤሪ አቴንስ አጠገብ ባለው እርሻው ድርቆሽ አምራች ሆነ።

እንዲህ ያለ መለያየት ያለ ፍርድ ቤት ያለቀው በአንድ ምክንያት ይመስለኛል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ማንኛውንም ዘፈን ማንም ይድረሰው ማን፣ የአራቱም ስም በፊደል ተራ እኩል ይጻፍበት ነበር። ገንዘቡም እንደዚያው። ዘፋኙ ፊት ላይ ስለቆመ የበለጠ አልወሰደም፤ ከበሮ መቺው ከኋላ ስለተቀመጠ አላነሰበትም። ዕቁብ የጣለ ሰው ይህ ይገባዋል። መጽሐፉ ንጹሕ ከሆነ የሚወጣ ሰው ተመርቆ ይወጣል።

ልጄን ያነሣሁት ለዚህ ነው። አሜሪካ ስሄድ የግፊት መለኪያዬን ይዤ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከመንገድ እንደገባ ክንዱን ጠቅልዬ ለካሁት፤ 162 በ104። በማግሥቱም ደገምኩት፤ ያው ነው። ገና 41 ዓመቱ ነው፤ 12 ዓመት ሙሉ ተቀምጦ እየነዳ፣ የመንገድ ዳር ምግብ እየበላ፣ እንቅልፉን እየቆራረጠ። ሐኪም ዘንድ ሄዶ መድኃኒት ጀመረ። ከዚያ አንድ ማታ ሚስቱ ሕፃኑን ስታጠባ፣ «እማዬ፣ ይህን ሥራ ልተወው ነው፤ የተማሪዎች አውቶቡስ ልንዳ» አለኝ። ደመወዙ በግማሽ ይቀንሳል። ግን ማታ ማታ ቤቱ ይገባል።

የሚቀንሰው የእሱ ብቻ ቢሆን ማንም አይናገረውም ነበር። የታናሽ እኅቱን የኮሌጅ ክፍያ የሚልከው እሱ ነው። የታላቅ ወንድሜ ቤት የሚሠራውም በእሱ ድጋፍ ነበር። ነገሩ አዲስ አበባ እንደተሰማ ስልኩ አላረፈም። ወንድሜ «ሰው እንጀራ እየበላ ከገበታ ይነሣል? ምነው አንቺስ እናቱ አይደለሽ?» አለኝ። «ጋሼ፣ 162 በ104 ነው» አልኩት። ቁጥሩን አልሰማውም፤ ወይም መስማት አልፈለገም። በወንድሜ አልፈርድም፤ እሱም ልጆች አሉት፤ ቤቱ ጣሪያ ሳይለብስ ክረምት ገባበት። ልጄን ግን ሂድ አልኩት። ታናሽ እኅቱ ቀን እየሠራች የማታ ትማራለች፤ እሷ አልተናገረችም።

ወደ ባንዱ ልመለስ። ሦስቱ ቃላቸውን ጠብቀው አምስት አልበም ሠሩ፤ ከቤሪ ጋር የሠሩት አሥር ነው፣ በድምሩ 15። ሁሉም አልሰመረላቸውም። «አፕ»ን በ1998 ሲሠሩ ለመበተን ደርሰው ነበር፤ የ2004ቱን «አራውንድ ዘ ሰን» አድናቂዎቻቸውም ልጄም አይወዱትም፣ እኔም እንቅልፌ መጥቶብኛል። በ2008 «አክሰለሬት» ላይ ነቅተዋል። ለእኔ ከሦስቱ ዘመን የሚበልጥብኝ ያው የመጀመሪያው «አፕ» ነው። በከበሮው ቦታ ብዙ ጊዜ ማሽን አለ፤ ሌላ ሰው ወዲያው አስቀምጠው ቦታውን አልሸፈኑትም። ሰው የጎደለበት ቤት ድምፅ አለው፤ እዚያ ይሰማል። በ2011 የመጨረሻውን አልበም አውጥተው በሴፕቴምበር ወር ባንዱን አፈረሱ። ያኔም ጠብ አልነበረም።

በጁን 2024 ኒው ዮርክ ውስጥ የዘፈን ደራሲያን የክብር መዝገብ ላይ ሲሰፍሩ አራቱም አብረው ወጥተው ያንኑ የማንዶሊኑን ዘፈን ተጫወቱ። ልጄ ቪዲዮውን ላከልኝ። ዜማውን በሁለተኛው ጊዜ ነው ያዳመጥኩት፤ በመጀመሪያው ዓይኔ ቤሪ ላይ ነበር። ፊቱ ይጣመም እንደሆን፣ አንድ ወገኑ ይደክም እንደሆን ሳጣራ ዘፈኑ አለቀ። ሽበት ያለበት ሰው ነው፣ ሌላ ያየሁት የለም። ከቪዲዮው ሥር ልጄ የዕለቱን ልኬት ጽፎልኛል፤ 131 በ84። ወንድሜ እስካሁን አልደወለም።