የባቄላው ሥር

እናቴ ባቄላ ስትነቅል ሥሩን ሳታይ አትጥልም ነበር። ከሥሩ ላይ ካሉት ጥቃቅን እባጮች አንዷን በጥፍሯ ትሰነጥቅና ውስጧ ሮዝ ከሆነ «ለከርሞ ጎመኑ ይሰምርልናል» ትላለች።

ማሳችን ትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር ነበር። በክረምት ባቄላ፣ በበጋ በወንዙ ውኃ ጎመንና ቆስጣ። ያኔ ወንዙ ንጹሕ ነበር አልልም። ከላይ የቆዳ ፋብሪካ የለቀቀው ፍሳሽ ሲደርስ ውኃው አንድ ቀን አረንጓዴ፣ ሌላ ቀን ቡናማ ይሆን ነበር። እኛም እያየን ሞተሩን አስነስተን እናጠጣለን፤ ጎመን ውኃ ካጣ ሦስት ቀን አይታገሥም።

ያ ሮዝ ቀለም ምን እንደሆነ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እባጯ ውስጥ ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ባቄላውን ይመግባሉ። ቀለሙ የሚመጣው የእኛን ደም ከሚያቀላው ጋር ከሚዛመድ፣ ብረት ካለበት ፕሮቲን ነው። እናቴ በጥፍሯ ስትመረምር የኖረችው የአፈሩን ደም ነበር።

የፍሳሽ ሽታ ይጠፋል፣ ቆሻሻውም ይበሰብሳል። እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች ግን አይበሰብሱም፤ አፈር ጨብጦ ያስቀራቸዋል። እንግሊዝ አገር ዎበርን በሚባል የሙከራ እርሻ ከ1942 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ከባድ ብረቶች ያሉበት የለንደን ፍሳሽ ዝቃጭ ለማዳበሪያ ይጨመር ነበር። መጨመሩ ከቆመ ከ20 ዓመት በኋላ የሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተመራማሪዎች ሲለኩት የአፈሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ዝቃጭ ካልነካው ማሳ ጋር ሲነጻጸሩ ወደ ግማሽ ወርደው አገኙ። እዚያ የዘሩት ማገጥ እባጭ አውጥቷል፤ እባጩ ግን ትንንሽና ነጭ ነበር። የተረፈው ራይዞቢየም ሥሩ ውስጥ ይገባል እንጂ ናይትሮጅን አይሰጥም። ይህን ሳነብ ዓይኔ ላይ የመጣው የእኛ ማሳ ነው።

ባለፈው መስከረም ሄጄ አንድ ባቄላ ነቀልሁ። ቅጠሉ ለምለም ነው፤ ማንም ገዢ ቢያየው ያምነዋል። እባጯን ስሰነጥቃት ነጭ ናት። እርግጥ ፍሳሽ ውኃ ራሱ ናይትሮጅን ስለሚያጠግብ እባጭን ያዳክማል፤ ሁሉንም በከባድ ብረቶች ላይ አላላክክም። ግን ነጭ ናት።

እናቴ ዓይኗ ደክሟል። ሥሩን ተቀብላ በጣቷ ዳሰሰችው።

«እባጭስ አለው» አለች። ቀጥላም «ውስጡ እንዴት ነው፣ ልጄ?»

«ደህና ነው እማዬ» አልኋት።

ሥሩን አልመለሰችልኝም።