ካምቢዮ በጉልበት አይገባም

መኪና አማርኛ አይችልም። ሶማሌ ተራ ከመለዋወጫ ሱቆች ደጃፍ ቆሞ የሚጠራውን ዕቃ ያዳመጠ ሰው ይህን ያውቃል። ክሪክ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፤ ሁሉም የጣሊያንኛ ልጆች ናቸው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቃላቱ በየጋራዡ ቀሩ። መካኒኮቻችንም እንደ እናት ቋንቋ ይናገሯቸዋል።

ላዳ ደግሞ በዚህ ቋንቋ ብትጠራ የሚገባት መኪና ናት። ሩሲያዊት ትባል እንጂ የዘር ሐረጓ ከቱሪን ይመዘዛል። የሶቪየት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ኩባንያ ጋር ተዋውሎ በቮልጋ ወንዝ ዳር ፋብሪካ ተከለ። የፋብሪካው ከተማ ራሷ በጣሊያናዊው ኮሚኒስት በፓልሚሮ ቶሊያቲ ስም የተጠራች ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 ከዚያ የወጣችው የመጀመሪያዋ መኪና ፊያት 124 ነበረች ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም፤ ለመጥፎ መንገድ ትጠነክር ዘንድ ቆርቆሮዋን አወፈሩላት።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ አንዲት ላዳ ለማውጋት ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል የታናሽ ወንድሜ ታክሲ ፍሪሲዮን አለቀ። ፍሪሲዮን የሞተሩና የካምቢዮው አስታራቂ ነው። ሞተሩ ሲዞር ቮላኖ የሚባለው ከባድ ክብ ብረት አብሮት ይዞራል፤ የፍሪሲዮኑ ሸራ በጠንካራ ሞላ ተገፍቶ ቮላኖው ላይ ይጣበቅና ጉልበቱን ወደ ካምቢዮ ያሳልፋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ይላቀቃሉ፤ ሲለቀቅ ይጣበቃሉ። ሸራው ያለቀ እንደ ሆነ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ዳገቱ ላይ ትለግማለች።

ወንድሜ አዲሱን ፍሪሲዮን እንደ ምንም ገዛ። ጋራዥ ለእጅ ብቻ የጠየቀውን ከከፈለ ግን የሦስት ልጆቹ የመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ ይጎድላል። ካልከፈለ መኪናዋ ትቆማለች፤ መኪናዋ ከቆመች ደግሞ ክፍያውም እንጀራውም የለም። አስራ አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ቆመች። በአስራ ሁለተኛው ቀን ሚስቱ፣ «ጋሼን ለምን አትጠይቋቸውም?» አለች።

ጋሼ የምንላቸው ጎረቤታችን አርባ ዓመት መካኒክ የነበሩ ሰው ናቸው። ግላኮማ ዐይናቸውን ከወሰደው አራት ዓመት ሆኖታል። እኛ ምክር ልንጠይቃቸው ብንሄድ እሳቸው ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። አንድ ጨርቅም አስወጡ፤ ውስጡ ከአሮጌ የላዳ ካምቢዮ የተረፈ ዘንግ ተጠቅልሏል። «የእጄን ዋጋ ጋራዡ ከጠየቀው ግማሹን ትከፍሉኛላችሁ፤ እሱም ሠርታችሁ ስታገኙ ነው» አሉ። ወንድሜ ዐይን ዐይኔን አየኝ። የማያይ ሰው፣ በዚያ ላይ መኪና ሥር የማይገባ ሰው፣ ለምኑ ነው የሚከፈለው ማለቱ ነበር።

ካምቢዮ ማውረድ ለማንም አያስቸግርም፤ መሬት ራሷ ታግዛለች። ሆኖም ጋሼ ገና ሳንጀምር፣ «ክሪክ ያነሣል እንጂ አይሸከምም» ብለው በአራቱም ማእዘን ወፍራም ግንድ አስደገፉን። አሮጌው ፍሪሲዮን ከወጣ በኋላም ሸራውን የምትነካ እጅ ቅባት እንዳይኖርባት በሳሙና አስታጠቡን። አዲሱን ሸራ ተቀብለው እምብርቱን በጣታቸው ዳሰሱና ረዘም ያለውን ወገን፣ «ይህ ወደ ካምቢዮ ነው» ብለው መለሱልን። አሮጌው ዘንግ ሸራውን መሐል ላይ ይዞት ሳለ ስድስቱን ቡሎኖች በየተራ፣ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየዘለልን፣ ጥቂት በጥቂት አጠበቅናቸው።

ጭንቁ የመጣው ሲመለስ ነው። የላዳ ካምቢዮ ከሩብ ኩንታል በላይ ይመዝናል። በጀርባችሁ ተኝታችሁ ደረታችሁ ላይ ታነሡታላችሁ፤ የዘንጉ ጥርሶች የሸራው ጥርሶች ውስጥ፣ የዘንጉ ጫፍ ደግሞ ከሞተሩ ኋላ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ውስጥ በአንድ ጊዜ መግባት አለባቸው። ቀዳዳውንም ጥርሱንም ማየት አይቻልም። ያን ጊዜ ከመኪናው ሥር ሦስታችንም ዕውሮች ነበርን፤ የለመዱት ግን ጋሼ ብቻ ናቸው።

ካምቢዮው ገባ፣ ገባና ሁለት ጣት ሲቀረው ቆመ። ገፋነው፤ እምቢ አለ። ወንድሜ፣ «አራቱን ቡሎን ላስገባና እያጠበቅሁ ልሳበው» አለ።

«ተው!» አሉ ጋሼ። «ቡሎን የገባውን ይይዛል እንጂ ያልገባውን አያስገባም። ጆሮው ይሰነጠቃል፤ ወይ ሸራው ይጣመማል። ይልቅ ክፍተቱን በጣትህ ለካ፤ ላይና ታቹ እኩል ነው?»

ለካ፤ ላይኛው ይሰፋል።

«ጭራው ወርዷል። አንተ ትልቁ፣ ጭራውን ቀና አድርግ።» ደረቴ ላይ ያለውን ብረት ጣት ያህል ከፍ አደረግሁት። «አሁን ማርሹ አራተኛ ላይ ይግባ። የኋላውን አፍ በእጃችሁ በቀስታ አዙሩ።»

አራተኛ ማርሽ ላይ የላዳ ካምቢዮ የኋላና የፊት ዘንጎች እኩል ይዞራሉ፤ የኋላውን ያዞረ ሰው የማይታየውን የፊት ጥርስ አዞረ ማለት ነው። ጥቂት እንዳዞርን አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች። እኔ ክብደቱ ከደረቴ መነሣቱን ከማወቄ በፊት ጋሼ ከበርጩማቸው፣ «ገባ» አሉ። ክፍተቱ ተዘጋ። አራቱ ቡሎኖች በጣት ብቻ እስከ ግማሽ ድረስ ገቡ።

ያን ቀን ጉልበቱ የኛ ነበር፤ ጉልበት ግን ሰፈር ውስጥ ሞልቷል። ወንድሜ የመጀመሪያውን ሳምንት ገቢ ይዞ የሄደው ወደ ትምህርት ቤቱ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ግን የጋሼን ሒሳብ ማንም ሳያስታውሰው ከፈለ። ጋሼም ብሩን በጣታቸው ቆጥረው ተቀበሉ፤ እንደ ምጽዋት አላመሰገኑም፤ እንደ ሠራተኛ ፈረሙ እንጂ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በየመንገዱ የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪናዎች ፍሪሲዮን የላቸውም፤ ያለ ድምፅ ይነሣሉ። የወንድሜ ልጆች መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ያን የጣሊያን ቃል ከአባታቸው ወግ ብቻ ይሰሙት ይሆናል። ለአየሩም ለነዳጅ ወጪያችንም መልካም ነው፤ አልከራከርም።

እስከዚያው ግን አሮጌዎቹ መኪናዎች አሉ። ወንድሜ በዕረፍት ቀኑ የሰፈሩን ሾፌሮች ፍሪሲዮን ይቀይራል፤ ጋሼ የሰጡት ዘንግ በዚያው ጨርቅ ተጠቅልሎ ወንበሩ ሥር አለ። ባለፈው እሑድ አንድ ጎረምሳ መኪና ሥር ተኝቶ ካምቢዮውን በእግሩ ሲገፋ ሰማሁት፤ ወንድሜም ከጎኑ ተቀምጦ ዐይኑን ጨፍኖ፣ «ተው፤ ላይና ታቹ እኩል ነው?» ይለዋል።